ዝግ ሐይቅ በቤት ውስጥ፦ የማንዳሪን ዓሣን በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ውኃ ስለ ማቆየት

መግቢያ

የባሕር ዓሣን ከባሕር ርቆ በሚገኝ ቤት ውስጥ ማቆየት በመጀመሪያ እይታ የገንዘብና የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ይመስላል። ነገሩ በቅርበት ሲታይ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የውኃ ጉዳይ ነው። የኮራል አኳሪየም ባለቤት የሚገዛው ዓሣውን፣ መብራቱንና የጨው ቅልቅሉን ነው፤ ከገንዳው ይዘት ከ96 በመቶ በላይ የሚሆነው ንጹሕ ውኃ ግን የሚመጣው ከሚኖርበት ከተማ ቧንቧ፣ ጉድጓድ ወይም ጣሪያ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተሞች ተፈትኖ የተጻፈ የአያያዝ መመሪያ አዳማ፣ ሞጆ፣ መተሐራ፣ ባቱ ወይም ሻሸመኔ ላይ እንዳለ ሊሠራ አይችልም።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው አንድ ውሱን ጥያቄ ነው። ይኸውም በቀለሙ ውበት የታወቀውንና ለአያያዝ አስቸጋሪ የሆነውን የማንዳሪን ዓሣ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለማቆየት የሚያስበው ሰው የአካባቢው ውኃ፣ ከፍታና አየር ምን ዓይነት ገደብ ይጥሉበታል የሚለው ነው። የጽሑፉ ማዕከላዊ ሐሳብ እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል፤ ማንኛውም የቤት አኳሪየም ትንሽ ዝግ ሐይቅ ነው፤ አብያታና ሻላ የደረሰባቸው የኬሚስትሪ ለውጥ በገንዳ ውስጥም በዚያው ሕግ፣ ነገር ግን በሺህ ዓመታት ፈንታ በወራት ይፈጸማል።

የዓሣው ባሕርይ

ማንዳሪን ዓሣ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሲንኪሮፐስ ስፕሌንዲደስ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 በአልበርት ሄር ለሳይንስ የተገለጸ የምዕራብ ፓስፊክ ዓሣ ነው። ከደቡባዊ ጃፓን ደሴቶች እስከ አውስትራሊያ ባሉ የተጠለሉ የኮራል ሥፍራዎች፣ በተሰባበረ ኮራልና በድንጋይ ስንጥቆች መካከል ይኖራል። ርዝመቱ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቅርፊት የለውም፤ ሰውነቱ በወፍራምና መጥፎ ሽታ ባለው ልጋግ የተሸፈነ ሲሆን፣ ይህ ልጋግ ከጠላትና ከአንዳንድ ጥገኛ ተሕዋስያን ይከላከልለታል።

የዓሣው ሰማያዊ ቀለም ለባዮሎጂ ተመራማሪዎች የተለየ ትርጉም አለው። በአብዛኞቹ የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ላይ የሚታየው ሰማያዊ ቀለም ብርሃን በጥቃቅን የሕዋስ ቅንጣቶች ላይ ሲበተን የሚፈጠር ነው። በማንዳሪን ዓሣ ቆዳ ውስጥ ግን ሳያኖፎር የተባሉ፣ እውነተኛ ሰማያዊ ቀለም የሚይዙ ሕዋሳት ይገኛሉ። ይህ ባሕርይ ከጥቂት ዝርያዎች በቀር በሌሎች ዘንድ አይታወቅም።

ለአያያዝ ወሳኙ ባሕርይ ግን ቀለሙ ሳይሆን አመጋገቡ ነው። ማንዳሪን ዓሣ ቀኑን ሙሉ በድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ እየተዘዋወረ ትንንሽ ሕያዋን ፍጥረታትን አንድ በአንድ ይለቅማል። ዋነኛ ምግቡ ከድንጋይና ከአልጌ ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ ኮፔፖድ የተባሉ ጥቃቅን ባለ ብዙ እግር ፍጥረታት ሲሆኑ፣ ትንንሽ ትሎችን፣ ቀንድ አውጣዎችንና የዓሣ እንቁላልንም ይበላል። በአንድ ጊዜ ብዙ በልቶ ለነገ የሚያስቀምጥ ዓሣ አይደለም። በገበያ የሚሸጠውን ደረቅ የዓሣ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ከዚህም የተነሣ ጤናማ መስሎ አዲስ ገንዳ ውስጥ የገባ ማንዳሪን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በድንጋዩ ላይ ያገኘውን ኮፔፖድ ጨርሶ፣ ከዚያ በኋላ ሆዱ ወደ ውስጥ እየገባ በዝግታ በረኃብ ይሞታል። በሽታ የሌለበት፣ ባለቤቱም ጥፋቱን ለማየት የሚቸገርበት ሞት ነው።

ስለዚህ የማንዳሪንን ዓሣ ማቆየት ማለት በተግባር ኮፔፖድን ማቆየት ማለት ነው። ኮፔፖድ ደግሞ በውኃው ውስጥ ለሚሟሟ ብረታ ብረት፣ ለጨዋማነት መለዋወጥና ለኦክስጅን እጥረት ከዓሣው ይልቅ ተጋላጭ ሊሆን ይችላል። የውኃው ጥያቄ ከዓሣው ጥያቄ የሚቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

የስምጥ ሸለቆው ውኃ

የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ የተሟሟ ጨው አለው። ከዚህ ውስጥ ካልሲየም 410 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዚየም 1,290 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን፣ አልካላይነቱ በአንድ ሊትር 2.3 ሚሊ ኢኩቫለንት፣ ፍሎራይዱም 1.3 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ኮራልና ከኮራል ጋር የሚኖሩ ፍጥረታት የተላመዱት ይህን ሚዛን ነው።

የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ሚዛኑ የተለየ ነው። ውኃው በእሳተ ገሞራ ዐለት፣ በተለይም በሲሊካ በበለጸገው ዐለትና በተፈጥሮ መስታወት ውስጥ ሲያልፍ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔት፣ ሲሊካና ፍሎራይድ ይወስዳል፤ ካልሲየም ግን አነስተኛ ነው። ፍሎራይድ በውኃው ውስጥ እንዲከማች ያስቻለውም ይኸው የካልሲየም ማነስ ነው፤ ካልሲየም ቢበዛ ኖሮ ከፍሎራይድ ጋር ተዋሕዶ ይዘቅጥ ነበርና። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆው ከ5 ሚሊ ግራም፣ አልፎም ከ10 ሚሊ ግራም የሚበልጥባቸው ጉድጓዶች አሉ። ከአዳማ አጠገብ በምትገኘው ወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት የጠጡት የጉድጓድ ውኃ ጥርስን ከማበላሸት አልፎ አጥንትን እስከሚጎዳ ድረስ የዘለቀ የፍሎሮሲስ በሽታ እንዳስከተለ በሰፊው ተመዝግቧል።

የአዳማ ከተማ የቧንቧ ውኃ በዋናነት ከአዋሽ ወንዝ ተስቦ የሚጣራ በመሆኑ ከብዙ ጉድጓዶች የተሻለ ነው። ቢሆንም በክሎሪን የታከመ ስለሆነ ክሎሪኑ ሳይወገድ ለዓሣም ለኮፔፖድም መርዝ ነው። በተጨማሪም በአንድ ከተማ ውስጥ የቧንቧና የጉድጓድ ውኃ በየሠፈሩና በየወቅቱ ስለሚለያይ፣ ከማንኛውም ስሌት በፊት የሚገኘውን ውኃ ማስለካት ግዴታ ነው።

ከአብያታ የሚወሰድ ትምህርት

የዝዋይ ሐይቅ፣ በአሁኑ አጠራሩ ደንበል፣ ጣፋጭ ውኃ ያለው ሐይቅ ነው። ውኃው በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ይፈስሳል። አብያታ ግን መውጫ የለውም፤ ወደ እርሱ የገባ ውኃ የሚወጣው በትነት ነው። ትነት ውኃውን ይወስዳል፣ ጨውን ይተዋል። በዚህ ምክንያት የዝዋይ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ከሚያሳርፍበት ሥፍራ ብዙም ሳይርቅ፣ ፒኤቹ ከ9 በላይ የሆነ የሶዳ ሐይቅ ይገኛል። የሻላ ሐይቅም 266 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ቢኖረውም መውጫ የሌለው በመሆኑ ያው የሶዳ ሐይቅ ነው። ወደ አብያታ የሚገባው ውኃ ለመስኖና ለሶዳ አሽ ምርት በሚደረገው ጠለፋ በቀነሰ ቁጥር ሐይቁ እየተጨማደደ፣ ጨዋማነቱም እየጨመረ ሄደ፤ ቀድሞ በብዛት ይጠመድበት የነበረው ቆሮሶም ከሐይቁ ጠፋ። አብያታን ለዓሣ የማይመች ያደረገው ከውጭ የመጣ አዲስ መርዝ አልነበረም፤ በፊትም የነበረው ጨው በአነሰ ውኃ ውስጥ መከማቸቱ ነው።

የቤት አኳሪየም ከዚህ የሚለይበት መሠረታዊ ነገር የለም። ከገንዳው ውኃ ይተናል፤ ባለቤቱ የጎደለውን በጥሬ ውኃ ይሞላል፤ ጥሬው ውኃ ይዞት የመጣው ነገር ሁሉ በገንዳው ይቀራል። በየሳምንቱ ጥቂት ውኃ ተቀድቶ ሲደፋና በአዲስ የጨው ውኃ ሲተካ ብቻ ገንዳው መውጫ ያገኛል። በሌላ አነጋገር ውኃው በየጊዜው የሚለወጥለት ገንዳ ዝዋይን ይመስላል፤ የጎደለው ብቻ የሚሞላለት ገንዳ አብያታን ይመስላል።

ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ይታሰብ። በየቀኑ 2 ሊትር፣ በሳምንት 14 ሊትር ይተንበታል፤ በየሳምንቱም 20 ሊትር ተቀድቶ ይለወጣል። ለመሙያም ሆነ የጨው ቅልቅሉን ለመበጥበጥ የሚውለው ጥሬ ውኃ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ አለው፤ የጨው ቅልቅሉ ራሱ ከባሕር ውኃ ጋር እኩል 1.3 ሚሊ ግራም ያመጣል ተብሎ ይታሰብ። በሳምንት ወደ ገንዳው የሚገባው ፍሎራይድ ከመሙያው 28፣ ከአዲሱ የጨው ውኃ 66፣ በድምሩ 94 ሚሊ ግራም ይሆናል። የሚወጣው በ20 ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ ገቢውና ወጪው እኩል የሚሆኑት የገንዳው መጠን በሊትር 4.7 ሚሊ ግራም ሲደርስ ነው። ይህም ከባሕር ውኃ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

አጠቃላዩ ደንብ እንዲህ ይነበባል፦ ገንዳው በመጨረሻ የሚረጋበት መጠን ከጨው ቅልቅሉ የሚመጣው መጠን ሲደመር፣ የጥሬው ውኃ መጠን በማጉያ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ማጉያው የትነትና የለውጥ ድምር ለለውጡ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 34 ለ20 ሲካፈል 1.7 ይሆናል። ሳምንታዊው ለውጥ ወደ 10 ሊትር ቢቀንስ ማጉያው ወደ 2.4 ያድጋል፤ የፍሎራይዱም መጠን 6.1 ይደርሳል። ለውጡ ጨርሶ ቢቀር ማጉያው ወሰን የለውም። በሊትር 5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ያለው የጉድጓድ ውኃ ጥቅም ላይ ቢውል ደግሞ፣ ሳምንታዊው 20 ሊትር ለውጥ ሳይቋረጥ እንኳ ገንዳው ወደ 9.8 ሚሊ ግራም ያመራል።

የዚህ ለውጥ አደገኛነት በዝግታው ላይ ነው። ለውጡ በየሳምንቱ የገንዳውን አንድ አሥረኛ ስለሚነካ፣ ገንዳው ወደ መጨረሻው መጠን 95 በመቶ ያህል የሚቀርበው ከ30 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ገንዳው በመጀመሪያዎቹ ወራት ያማረ ስለሆነ ባለቤቱ ውኃው ተስማሚ መሆኑን ያምናል፤ ችግሩ የሚገለጠው ስድስተኛውና ሰባተኛው ወር ላይ፣ ዓሣውና ኮራሉ ከገቡ በኋላ ነው።

ፍሎራይድ በዚህ ስሌት የተመረጠው የአካባቢው ነዋሪ የሚያውቀውና በየላቦራቶሪው የሚለካ ስለሆነ ነው። በውኃ ውስጥ ተሟሙቶ የሚቀር ሌላውም ነገር ሁሉ በዚያው ማጉያ ይባዛል። ሲሊካ ሲከማች ዲያቶም የተባለው ቡናማ አልጌ መስታወቱንና ኮራሉን ይሸፍናል። የአልካላይነት ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የከረረ ነው። የመሙያው ውኃ አልካላይነት በሊትር 3 ሚሊ ኢኩቫለንት ቢሆንና በየቀኑ 2 ሊትር ቢጨመር፣ በ100 ቀን ውስጥ ለገንዳው እያንዳንዱ ሊትር 3 ሚሊ ኢኩቫለንት ይጨመርለታል፤ ይህም ባሕሩ ካለው 2.3 ይበልጣል። ይህ ትርፍ ሳይወገድ ሲቀር ከካልሲየም ጋር ተዋሕዶ እንደ ኖራ ይዘቅጣል። እያንዳንዱ ሚሊ ኢኩቫለንት ሲዘቅጥ በሊትር 20 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይዞ ስለሚሄድ፣ 3 ሚሊ ኢኩቫለንት ሙሉ በሙሉ ቢዘቅጥ ካልሲየሙ ከ410 ወደ 350 ሚሊ ግራም ይወርዳል። የስምጥ ሸለቆው ውኃ አልካላይነቱን የሚያመጣው ከሶዲየም እንጂ ከካልሲየም ጋር ስላልሆነ፣ የወሰደውን አይተካም። ባለቤቱ ካልሲየም ሲጨምር መዝቀጡ ይቀጥላል እንጂ አይቆምም፤ መፍትሔው ከምንጩ፣ ማለትም ከመሙያው ውኃ መጀመር አለበት።

ንጹሕ ውኃ ከየት ይገኛል?

የመጀመሪያው አማራጭ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለው ማጣሪያ ነው። ከ100 እጅ 90ውን የሚያስቀር ማጣሪያ 5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ያለውን ውኃ ወደ 0.5 ያወርደዋል፤ ከላይ ባለው ደንብ መሠረት ገንዳው የሚረጋው 9.8 ላይ ሳይሆን 2.15 ላይ ይሆናል። ይሁን እንጂ የቤት ማጣሪያ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሦስት ሊትር ያህል ይደፋል። የምሳሌው ገንዳ በዓመት 1,768 ሊትር ንጹሕ ውኃ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ 5,304 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 265 ጀሪካን ይደፋል ማለት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ይህ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የኅሊና ጥያቄም ነው። የሚደፋው ውኃ ለልብስና ለወለል ማጠቢያ መዋል ይችላል። ለመጠጥ ግን መዋል የለበትም፤ ፍሎራይዱ ከመጀመሪያው በ1.3 እጥፍ ጨምሮ፣ 5 የነበረው 6.5 ሆኖ ይወጣልና።

ሁለተኛው አማራጭ የዝናብ ውኃ ነው። ዝናብ ከፍሎራይድ፣ ከሲሊካና ከአልካላይነት የጸዳ ነው ማለት ይቻላል። በአዳማ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። 3 ካሬ ሜትር ስፋት ካለው መቀበያ ከሚወርደው 2,400 ሊትር ውስጥ 80 በመቶው እንኳ ቢጠራቀም 1,920 ሊትር ይገኛል፤ ይህም ለዓመቱ ፍላጎት ይበቃል። አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ፣ የቀሩትን ስምንት ወራት ለማሻገር 1,200 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሮቶ ያስፈልጋል። ሮቶው ብርሃን የማያስገባና በሚገባ የሚከደን መሆን ይኖርበታል።

እዚህ ላይ በቀላሉ የሚዘነጋ አደጋ አለ። የከተሞቹ ጣሪያ በብዛት ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ነው። በመጠኑ አሲዳማ የሆነው የዝናብ ውኃ ከቆርቆሮው ላይ ዚንክ ያሟሟል። ለሰው ልጅ የማያሳስብ የዚንክ መጠን ለኮፔፖድ፣ ለቀንድ አውጣና ለኮራል ገዳይ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ዚንኩ በማጉያው እየተባዛ ይከማቻል። ከቆርቆሮ የተቀዳ ውኃ ዓሣውን በቀጥታ ባይገድለው እንኳ ምግቡን በማጥፋት ያስርበዋል። ስለዚህ ዝናቡን በንጹሕ ፕላስቲክ ሸራ ላይ መቀበል፣ የመጀመሪያውን ዝናብ ለአቧራው ማጠቢያ ማሳለፍ፣ ቱቦውንና ቧንቧውንም ከመዳብና ከዚንክ ነፃ ማድረግ ግድ ይላል።

የጨውን ጉዳይ በሚመለከት ደግሞ፣ በገበያ በርካሽ የሚገኘው የአፍዴራ ጨው የባሕር ጨው ቅልቅልን ሊተካ አይችልም። ለምግብ የሚሸጠው ጨው በመሠረቱ ሶዲየም ክሎራይድ ሆኖ አዮዲን የተጨመረበት ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም በሚፈለገው ሚዛን የሉትም። የተፈጥሮ የባሕር ውኃ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መሥመር አዳማ ሊደርስ እንደሚችል ማሰብ ይቻላል፤ ነገር ግን 200 ሊትር ውኃ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ሲሆን፣ ከእርሱ የሚገኘው ጨው 7 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ቅልቅሉን ማስመጣትና ውኃውን በቦታው ማዘጋጀት በሁሉም መልኩ ይቀላል።

ከፍታ፣ መብራትና ኦክስጅን

የአዳማ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 82 በመቶ ያህል በመሆኑ፣ ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ የባሕር ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ አዳማ ላይ የሚይዘው 5.5 ያህል ብቻ ነው። ጨው ራሱ ኦክስጅንን የመያዝ አቅም ስለሚቀንስ፣ ይህ ከጣፋጭ ውኃ ገንዳ ጋር ሲነጻጸር ተጨማሪ ገደብ ነው።

መብራት ባለበትና ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ ልዩነቱ አይታይም። መብራት ሲጠፋ ግን ይታያል። ኦክስጅኑ በሊትር ወደ 3 ሚሊ ግራም መውረዱ የአደጋ ወሰን ተብሎ ቢያዝ፣ በባሕር ዳር የሚገኝ ገንዳ 3.7 ሚሊ ግራም መጠባበቂያ ሲኖረው፣ አዳማ ያለው 2.5 ብቻ አለው። የገንዳው ፍጥረታት የሚጠቀሙበት ፍጥነት ምንም ይሁን ምን፣ አዳማ ላይ ያለው የመታገሻ ጊዜ በአንድ ሦስተኛ ያህል ያጠረ ነው። በባሕር ዳር ከተማ ለስድስት ሰዓት የሚታገሥ ገንዳ እዚህ ለአራት ሰዓት ብቻ ይታገሣል ማለት ነው። መቋረጡ በሌሊት ከሆነ አልጌውም ኦክስጅን ከመስጠት ይልቅ ስለሚወስድ ሁኔታው ይከፋል። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን ከዓሣው በፊት የሚገዛ መሣሪያ ነው።

የአየሩ ሁኔታም የራሱ ድርሻ አለው። አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ነፋሻ ከተማ ናት፤ ደረቅና ነፋሻ አየር ትነትን ያፋጥናል። የምሳሌው ገንዳ ለአንድ ሳምንት ሳይሞላ ቢቀር ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 37.6 ግራም ይወጣል። መስታወት መክደን ትነቱን በግማሽ ቢቀንሰው ማጉያው ከ1.7 ወደ 1.35 ይወርዳል፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ መክደን የአየር ልውውጥን ስለሚገድብ በዝቅተኛው ኦክስጅን ላይ ሌላ ጫና ይፈጥራል። በከፊል መክደንና የውኃውን ገጽ በፓምፕ ማናወጥ ሁለቱን ያስታርቃል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜ ማሞቂያን፣ የሚያዝያና የግንቦት ቀትር ሙቀት ደግሞ ማራገቢያን ይጠይቃል። ማራገቢያው የሚያቀዘቅዘው በማትነን ስለሆነ የመሙያው ውኃ ፍጆታም አብሮ ያድጋል።

ኮፔፖድን ማርባት

ውኃው ከተስተካከለ በኋላ ቀሪው ሥራ ምግቡ ነው። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ማንዳሪንን ቢያንስ ስድስት ወር ባልሞላውና ብዙ ሕያው ድንጋይ በሌለው ገንዳ ውስጥ አያስገቡም። ከዋናው ገንዳ ጋር በቧንቧ የተገናኘና ዓሣ የሌለበት መጠለያ ገንዳ ኮፔፖዶቹ ሳይበሉ እንዲራቡ ያስችላል። ከዚህ በተጨማሪ በተለየ ባልዲ ውስጥ የጨው ውኃ አዘጋጅቶ በቀስታ አየር እየነፉ የባሕር ኮፔፖድ ማርባት ይቻላል።

ለኮፔፖዶቹ መኖ የስምጥ ሸለቆው ሀብት ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። በጭቱ ሐይቅና በቢሾፍቱ አቅራቢያ በሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ ስፒሩሊና በሚል የገበያ ስም የሚታወቀው አርትሮስፓይራ በተፈጥሮ በብዛት ይበቅላል። የደረቀና የተፈጨ ስፒሩሊና በጣም በትንሹ እየተበጠበጠ ለኮፔፖድ መኖነት ሊውል ይችላል። ይሁን እንጂ ከሐይቆቹ ሕያው ኮፔፖድ ቀድቶ ገንዳ ውስጥ መጨመር ትርጉም የለውም። እንደ ሎቬኑላ አፍሪካና ያሉት በሶዳ ሐይቆች የሚኖሩ ዝርያዎች የተላመዱት ሶዲየም ካርቦኔት በበዛበት፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም በሌሉበት ውኃ ነው። ሁለቱም ውኃዎች «ጨዋማ» ቢባሉም የጨዋቸው ዓይነት ፈጽሞ የተለያየ ነው።

የምግቡ መብቃት የሚታወቀው በሁለት ምልክት ነው። አንደኛው፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ በእጅ ባትሪ መስታወቱ ሲታይ በርካታ ነጫጭ ነጥቦች ሲንቀሳቀሱ መታየታቸው ነው። ሁለተኛው፣ የዓሣው ሆድ ሞላ ብሎ መታየቱ ነው። ከላይ ሲታይ ከጭንቅላቱ በስተኋላ የቀጠነ ማንዳሪን ለሳምንታት ሲራብ የቆየ ዓሣ ነው።

የሚወጣው ውኃ

ገንዳው መውጫ ሊኖረው ይገባል ሲባል፣ የሚወጣው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ይገባል። በየሳምንቱ የሚደፋው 20 ሊትር 700 ግራም፣ በዓመት 36 ኪሎ ግራም ያህል ጨው ይዞ ይወጣል። ይህን በግቢ አትክልት ሥር ማፍሰስ አፈሩን ያመክናል። የአፈርና የከርሰ ምድር ውኃ ጨዋማነት በመተሐራ አካባቢ፣ በተለይም እየሰፋ ከመጣው የበሰቃ ሐይቅ ጋር ተያይዞ፣ የታወቀ ችግር ነው። የአንድ ቤት ገንዳ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ልማዱ ትክክለኛ እንዲሆን ውኃው በቤቱ ፍሳሽ መሥመር መውጣት ይኖርበታል። ዓሣም ሆነ አልጌ ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ መለቀቅ የለበትም።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንተና የማንዳሪን ዓሣን በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ማቆየት የማይቻል ነው ወደሚል መደምደሚያ አያመራም፤ ቅደም ተከተሉ ግን መገልበጥ እንዳለበት ያሳያል። በመጀመሪያ የሚገኘው ውኃ ይለካል፤ ቀጥሎ በዝናብ ወይም በማጣሪያ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ የንጹሕ ውኃ ምንጭ ይዘጋጃል፤ ከዚያ መብራት ሲጠፋ ገንዳውን የሚያቆይ መሣሪያ ይገዛል፤ ኮፔፖዱ ለስድስት ወር ይራባል፤ ዓሣው የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ከእነዚህ አንዱን ማሟላት የማይችል ሰው ማንዳሪንን መተው አለበት። የባሕር ዓሣ የማቆየት ፍላጎቱ ጽኑ ከሆነ፣ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830 የገለጸው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ባለ ሁለት መቀነት ክላውን ዓሣ ደረቅ ምግብ የሚቀበልና የበለጠ ታጋሽ ነው። የውኃው ሕግ ግን ለእርሱም ያው ነው።

ጉዳዩ ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያነት የሚያልፍበት ገጽታም አለው። የማጉያው ደንብ ያለ ምንም ዓሣ፣ በሦስት ባልዲዎችና በአንድ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ በማንኛውም ላቦራቶሪ ሊፈተን ይችላል። የመጀመሪያው ባልዲ በቧንቧ ውኃ እየተሞላ ምንም አይቀዳለትም፤ ሁለተኛው በዚያው ውኃ እየተሞላ በየሳምንቱ አንድ አሥረኛው ይለወጥለታል፤ ሦስተኛው በዝናብ ውኃ ይሞላል። የሦስቱ ንባብ በየሳምንቱ ተመዝግቦ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ሲሣል፣ የመጀመሪያው መሥመር ያለ ማቋረጥ ይወጣል፤ ሁለተኛው ወጥቶ ይረጋል፤ ሦስተኛው በመነሻው አካባቢ ይቆያል። ተማሪው አብያታ፣ ዝዋይና ዝናቡ በአንድ ሕግ እንደሚተዳደሩ በራሱ ልኬት ይደርስበታል፤ ቤተሰቡ የሚጠጣውን የጉድጓድ ውኃ ለማስለካትም ምክንያት ያገኛል።